የዕለት ቤትና የሰዓት ቤት

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ "ሽማግሌው ይዋሻል" ትላላችሁ፤ ዝም ብላችሁ ከሰማችሁኝ ግን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ከተማዋ በግንብ የታጠረች ናት። በሯ አንድ ነው። በዚያ በር የሚወጣና የሚገባ ሁሉ ይጻፋል። "ዝንብ እንኳ ስትገባ ትጻፋለች" እያሉ የሚቀልዱ ነበሩ፤ ቀልዱን የጀመረው ሰውዬም ተጽፏል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። የበሩ ጸሐፊ ቁራጭ ብራና ያነሣና የሰውየውን ስም፣ ከስሙም ቀጥሎ "ወጣ" ወይም "ገባ" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ ብራናውን ያጥፈዋል። በውጭ በኩል፣ በአንዱ ፊት ዕለቱን፣ በሌላው ፊት ሰዓቱን ያኖራል። ሰዓት በዚያ አገር ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ሲነጋ አንድ ይባላል፣ ቀንና ሌሊት ሳይለይ እስከ ሃያ አራት ይሄዳል፤ እንደገና ሲነጋ ዕለቱ ይለወጥና ሰዓቱም ወደ አንድ ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ሥራ ነው። ጠማማው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ አገር ዕለትንና ሰዓትን አንድ ሰው አብሮ ማየት አይፈቀድለትም። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ጠንቋይ ለአንድ ንጉሥ "ዕለትህንና ሰዓትህን አብሮ ያወቀ ሰው ከዙፋንህ ይጥልሃል" ብሎት ነበር አሉ። ንጉሡ ጠንቋዩን ሰቀለና ምክሩን ያዘ። ከአደባባዩ በስተምሥራቅ የዕለት ቤትን፣ በስተምዕራብ የሰዓት ቤትን አሠራ። የዕለት ቤት ሰዎች የብራናውን የዕለት ፊት ብቻ ያያሉ፤ ገልብጦ ያየ ዓይኑ ይወጣል። የሰዓት ቤት ሰዎችም እንዲሁ የሰዓቱን ፊት ብቻ ነው የሚያዩት። ብራናውን ፈትቶ ስሙን የሚያነብ አንድ ዳኛ ብቻ ነው፤ ማዕረጉም "አፈ ብራና" ይባላል። ንጉሡ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሆድ ቁርጠት ሞተ። ሕጉ ግን ሆድ ስለሌለው ቀረ።

ሰው ብራና ለማስመርመር ሲፈልግ በቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ይፈቀድለታል። መጀመሪያ በዕለት ቤት መስኮት ሦስት ጊዜ እጅ ነሥቶ "ከዚህ ዕለት እስከዚህ ዕለት" ይላል። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ አደባባዩን አቋርጦ፣ በሰዓት ቤት መስኮት "ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት" ይላል። በሰዓት ቤት መስኮት የዕለት ስም ካመለጠው ጥያቄው ፈረሰ። የዕለት ቤት የተጠየቀውን ዕለት ብራና በቅርጫት ሞልቶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ ወደ ሰዓት ቤት ይልካል። የሰዓት ቤት ያጣራና የቀረውን ለአፈ ብራና ይሰጣል። እሱም አንድ ሳያስቀር ለሕዝብ ጮክ ብሎ ያነባል። ቅርጫቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ነጋሪው ይነሣና "አልሆነም!" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጮሃል። ብራና ያልመሰከረው ነገር አልሆነም፤ ሕጉ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ትብለጥ ልምጣ።

ትብለጥ የአንድ ወፍጮ ወቃሪ ሚስት ናት። ባሏ ቢያድግልኝ መዶሻና መሮውን ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ የለሰለሰ የወፍጮ ድንጋይ ይወቅራል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ድንጋይ ከሚናገር ይልቅ እሱ ቢናገር ይገርማል ይሉታል። አንድ ረቡዕ ሌሊት የመንግሥቱ ጎተራ ተቃጠለ። በማግስቱ ሐሙስ ማለዳ ቢያድግልኝ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ በበሩ ሲገባ ያዙት። የጎተራው ሹም "እሳቱ ሲነሣ መዶሻ የያዘ ሰው በግንቡ ጥግ ሲሮጥ አይቻለሁ" ብሎ ነበርና መዶሻ የያዘ ሰው ተገኘ። ፍርዱም በዚያው ቀን ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ከገደሉ ይወርወር ተባለ።

"እኔ ከተማ ውስጥ አልነበርኩም" አለ ቢያድግልኝ። "ማክሰኞ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የወጣሁት። ሁለት ሌሊት ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ስወቅር አድሬ ዛሬ ጧት ገባሁ። የመንደሩን ሰው ጠይቁ።"

"ሰው ይረሳል፣ ሰው ይዋሻል" አለው አፈ ብራና። "ብራና ይመስክርልህ። ሚስትህ እስከ ዓርብ ትጠይቅ።"

ትብለጥ ሰኞ ማለዳ አደባባዩ ላይ ደረሰች። ሰልፉ ከዕለት ቤት መስኮት ተነሥቶ እስከ ግንቡ ድረስ ይደርሳል። ከፊቷ የቆመው አያ ጉልላት የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ልጁ መኩሪያው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሥራ ወጥቶ ቤቱ አልገባም። ሽማግሌው በየቀኑ ይመጣል፣ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ያችኑ መልስ ይዞ ይሄዳል።

"ምን ብለው ነው የሚጠይቁት አያ?" አለችው።

"ከጠፋበት ማታ እስከ ማግስቱ ጧት ነዋ። ማታ አሥራ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት። በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ልፈልገው ወጣሁ። በዚያ መሀል ነው የሆነው።"

ትብለጥም እንዲሁ አሰበች። ማን ሌላ ያስባል? ባሏ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቶ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቷል። ትንሽ ከፊት ትንሽ ከኋላ ጨመር አድርጋ በዕለት ቤት መስኮት "ካለፈው ማክሰኞ እስከ ሐሙስ" አለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አደባባዩን አቋርጣ በሰዓት ቤት መስኮት "ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት" አለች። ሁለት ሰው የተሸከመው ቅርጫት በጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ሰዓት ቤት ሲገባ በዓይኗ አየችው። ሲወጣ ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ነበር።

"አልሆነም! አልሆነም! አልሆነም!" አለ አዋጅ ነጋሪው።

ቢያድግልኝ ዋሽቶኝ ይሆን እንዴ ብላ ለአንድ አፍታ አሰበች፤ ስለዚያች አንዲት አፍታ እስከ ዛሬ ራሷን ትወቅሳለች። በማግስቱ ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። የዕለት ቤት ጸሐፊ አዘነላትና በጆሮዋ መከራት። "እንግዲህ እኔ ስለ ሰዓት አላውቅም፤ ሲያወሩ ግን እሰማለሁ። የሚገኝ ነገር ከፈለግሽ ትንሹን አስቀድመሽ ትልቁን አስከትይ ይባላል።" ትብለጥ አመነችው። በሰዓት ቤት መስኮት "ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት" አለች።

ቅርጫቱ ሙሉ መጣ። አፈ ብራና እያነበበ እያነበበ ሄደ፤ ማር ነጋዴው፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ፣ ሙሽራ የሚያጅቡት፣ ከሦስቱም ዕለት በቀን ብርሃን የወጣና የገባ ሁሉ ተነበበ። የቢያድግልኝ ስም ግን የለም። እንዴት ይኖራል? እሱ የወጣው ከአሥራ አንድ በኋላ ነው፣ የገባው ከሦስት በፊት ነው። አፈ ብራና የመጨረሻውን ብራና አጣጥፎ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወፍጮ ወቃሪው አልወጣም፣ አልገባም" አለ። "ያልወጣ ሰው ደግሞ ውስጥ ነበር ማለት ነው። እሰይ የሚያሰኝ ምስክር ነው፤ አመሰግንሻለሁ።"

በገዛ አፏ ባሏን ወደ ገደሉ አንድ እርምጃ ገፋችው። ሰልፈኛው ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። ወደ ቤቷ መሄድ አቅቷት በሰዓት ቤት ደረጃ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፤ ዓርብ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

የምሳ ሰዓት ሆነና የሰዓት ቤት አለቃ ምንይችል ቆሎውን በመሐረብ ይዞ ወጣና እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አለቃ ምንይችል ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ስናገር ደስ አይለኝም፣ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ብራና ሳይገለብጥ የሠራ፣ ጠንቃቃ፣ ለሰው ሰላምታ የማይነፍግ ሰው ነው።

"አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ትብለጥ። "ብራናውን እንዴት ነው የሚያጣሩት?"

ፊቱ በራ። ስለ ሥራው ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። "ቀላል ነው ልጄ። ትናንት ከአሥራ አንድ እስከ ሦስት አልሽ አይደል? ቅርጫቱን እቀበላለሁ። ብራናውን አንድ በአንድ አነሣለሁ። አሥራ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ያልሆነውን እጥላለሁ። የተረፈውን እንደገና አነሣለሁ። ሦስት ወይም ከዚያ በታች ያልሆነውን እጥላለሁ።"

"አሥራ አንድና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ደግሞ ሦስትና ከዚያ በታች የሆነ ሰዓት አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ይተርፋል?"

"ምንም። ባዶ ይሆናል፣ ባዶውን እልካለሁ።" ቆሎውን ዘገነ። "ብዙው ጥያቄ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ እንጃ ከትልቅ ሰዓት ይነሣና ወደ ትንሽ ሰዓት ይወርዳል። በልቤ ሰዎቹ ቁጥር አይችሉም እላለሁ።"

"ማታ የጀመረ ነገር በማግስቱ ጧት ሲያልቅ እኮ ነው አለቃ!"

አለቃ ምንይችል ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፈነ። ቆሎው ደረጃው ላይ ተበተነ። "ማግስት አትበይኝ! ማግስት የዕለት ቤት ነገር ነው። እኔ ሰዓት ብቻ ነው የማውቀው፤ ቤተሰብ አለኝ፣ ዓይኔን እወደዋለሁ።"

ትብለጥ እያየችው ደነገጠች። ይህ ሰው ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ በየቀኑ የአያ ጉልላትን ልጅ በእጁ እያነሣ መሬት ላይ ሲጥለው ኖሯል። ክፋት የለበትም። የታዘዘውን ሠርቷል። ቁጣዋ አንገቷ ላይ ደረሰ፤ ግን ቁጣዋን ዋጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ትንሹን ሰዓት አስቀድሜ ትልቁን ካስከተልኩ ያለውን ሁሉ ይሰጡኛል?"

"አንድ ሳላስቀር" አለ፣ አሁንም ጆሮውን እንደያዘ።

በዚያች ደረጃ ላይ ነገሩ ገባት። ሰዓት ንጋት ላይ ወደ አንድ የሚመለስ ከሆነ ጥያቄውም ንጋት ላይ መቆረጥ አለበት። ማክሰኞን ለብቻዋ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት፤ ሐሙስን ለብቻዋ፣ ከአንድ እስከ ሦስት፤ በመሀል ያለችውን ረቡዕን ደግሞ ከአንድ እስከ ሃያ አራት። ብዙ ዕለትን ከነሙሉ ሰዓቱ መጠየቅ ለንጉሡ ብቻ የተፈቀደ ነው። አንዲት ዕለትን ለብቻዋ መጠየቅ ግን የከለከለ ሕግ የለም፤ ማንም አስቦት ስለማያውቅ። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ቀን። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። አንዲት ስህተት ብትሠራ የምትተካበት ቀን የላትም።

ረቡዕ ዕለት የመጀመሪያውን፣ ያለፈውን ሳምንት ማክሰኞ ማታ፣ ጠየቀች። ቅርጫቱ ከትናንቱ ቢቀልም ባዶ አልነበረም። አፈ ብራና ሰባት ስም አነበበ፣ በስምንተኛው ላይ ዘገየ። "ቢያድግልኝ ወፍጮ ወቃሪ፣ ወጣ" አለ ሳይወድ በግዱ። ትብለጥ ዓይኗን ጨፍና እግዜርን አመሰገነች። ከዚያ ግን ዳኛው ሌላ ብራና ፈትቶ ሳያስበው አነበበ። "ሦስት እስረኞች፣ ወጡ፣ ከወታደር ጋር።" ሰዓቱ ሃያ ነበር፤ በሩ ለሁሉ ሰው የሚዘጋበት ሰዓት። ሰልፈኛው ተያየ። በዚያ አደባባይ የሌሊት ብራና ሲነበብ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሁለተኛውን ጠየቀች። "ቢያድግልኝ ወፍጮ ወቃሪ፣ ገባ።"

"እህሳ?" አለች ትብለጥ። "ማክሰኞ ወጣ፣ ሐሙስ ገባ። ጎተራው ሲቃጠል ውጭ ነበር።"

"ረቡዕ ተመልሶ ገብቶ፣ ጎተራውን አቃጥሎ፣ እንደገና እንዳልወጣ በምን አውቃለሁ?" አለ አፈ ብራና። "ረቡዕ አልተነበበችም።"

"ነገ ትነበባለች።"

ዳኛው ቅርጫቱን ገፋ አድርጎ ተነሣ። ከእሷ ጀርባ ያለ ሰው ግን ሰምቷል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ምንጭ ወርዳ እንስራዋን ስትሞላ አንድ በቅሎ አጠገቧ ቆመ። በበቅሎው ላይ የጎተራው ሹም ተቀምጧል።

"ነገ አትጠይቂ" አላት ሳይወርድ። "ብትተዪው ገደሉ ወደ ግዞት ይለወጥለታል። በሕይወት ይኖርልሻል።"

"ጌታዬ፣ ግዞት ከሄደ ሰው መካከል የተመለሰ ያውቃሉ?"

"እኔ የማውቀው ነገ ዓርብ መሆኑን ነው።"

"እርስዎ እንዳሉት ባሌ ረቡዕ ከተማ ውስጥ ከነበረ እኮ ረቡዕ ብትነበብ ምንም አይጎዳዎትም" አለች። ይህን ያለችው ልታዋርደው ብላ አልነበረም፤ እውነት ገርሟት ነው። ሹሙ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። በቅሎውን አዞረና ሄደ።

ትብለጥ እንስራዋን ማንሣት አቃታት። ፈራች፣ አልደብቃችሁም። ዝም ብትል ምናልባት ይኖራል፤ ብትጠይቅ ምናልባት በእሷ ምላስ ይሞታል። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በገዛ አፏ ገፍታዋለች። ግን ደግሞ አንድ ነገር አሰበች፤ ሹሙ ይህን ያህል በሚፈራት ረቡዕ ውስጥ ባሏ የለም፣ ሌላ ሰው ግን አለ። እንስራዋን አነሣች።

ዓርብ ማለዳ ሰልፉ ራሱ አስቀደማት። አያ ጉልላት ተራውን ለቀቀላትና "ሂጂ ልጄ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ፣ ከአንቺ በኋላ እቆማለሁ" አላት። በዕለት ቤት መስኮት "ያለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ ረቡዕ ብቻ" አለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አደባባዩን አቋረጠች፤ የዕለት ስም እንዳያመልጣት ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነው የሄደችው። "ከአንድ ሰዓት እስከ ሃያ አራት ሰዓት" አለች።

አለቃ ምንይችል ብራናውን አጣራ፣ አንድም የሚጥለው አላገኘም። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን ገጥሞት አያውቅም። ቅርጫቱን እንዳለ ሰጠ።

አፈ ብራና ማንበብ ጀመረ። የጧቱን አነበበ፣ የቀትሩን አነበበ፣ የማምሻውን አነበበ። ቢያድግልኝ የለም። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። ከዚያ አንድ ወፈር ያለ ብራና ፈታ። "አርባ የጭነት በቅሎ፣ ወጣ" አለ። "እህል የጫነ፣ ከጎተራው ሹም ጋር፣ ወደ..." 

ድምፁ ቆመ። ቀና አለ። የጎተራው ሹም ከኋላው ቆሞ ነበር። ከዚያ የሆነውን ያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ይምላሉ፤ አፈ ብራና ብራናውን አፉ ውስጥ ከተተና ማኘክ ጀመረ።

ብራና ሲታኘክ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቆዳ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ውሃ አስመጣ፣ ጠጣ፣ ዋጠ። ቀጣዩን ብራና ፈታ፣ በዓይኑ ብቻ አየ፣ እሱንም በላ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ቀስ ብላ "እሳቱ ያቃጠለው ባዶ ጎተራ ነዋ" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ግን አደባባዩ ፀጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

"ወፍጮ ወቃሪው ከበላሁት ውስጥ አለ" አለ አፈ ብራና በችኮላ። "ረቡዕ ሌሊት ገብቷል።"

አያ ጉልላት ከሰልፉ ፈቀቅ ብሎ እጅ ነሣ። "ጌታዬ፣ ከእግርዎ በታች ያድርጉኝና፣ የቢያድግልኝ ስም ካለበት ስሙ እኮ ለእርስዎ የሚጠቅም ምስክር ነው። ጠቃሚ ምስክር ለምን ተበላ? ወይስ ሌላ ስም አለበት? ሕጉ አንድ ሳይቀር ይነበብ ይላል።"

"ይነበብ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። "ይነበብ!" አሉ ሌሎች።

ዳኛው የጎተራውን ሹም አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ቅርጫቱን አየ። በቅርጫቱ ውስጥ ገና ብዙ ያልተፈታ ብራና አለ፤ ሆዱ ደግሞ አንድ ነው። ትብለጥን ወደ እሱ ጠራትና በጆሮዋ ተናገረ።

"ባልሽን ውሰጂ። ንባቡ ይቁም። አንቺ ከእንግዲህ ጥያቄ አትጠይቂም። የስድስት ሰዓት ከበሮ ሲመታ ሁለታችሁም በዚህ አደባባይ ከተገኛችሁ ግን ፍርዱ እንዳለ ይጸናል። ተስማምተሻል?"

ተስማማች። ማን ይፈርድባታል? በአውራ ጣቷ ፈረመች። ቢያድግልኝን አመጡት፤ ከስቷል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። እጇን ያዘና ያችን አንድ ቃሉን አወጣ። "እንሂድ።"

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ በሰልፉ አጠገብ ያልፋል። ትብለጥ ከሰልፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሉትን ፊቶች አየች። እያንዳንዱ ሰው ከማታ እስከ ማለዳ ሊጠይቅ የቆመ ነው። አትጠይቂ እንጂ አትናገሪ አልተባለችም። አያ ጉልላት አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

"አያ፣ ዛሬ የሚጠይቁት ማታውን ብቻ ይሁን። የጠፋበትን ዕለት ለብቻዋ። ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አራት። ንጋትን አይለፉ። ማለዳውን ነገ ይጠይቃሉ።"

"ልጄ ማለዳ ላይ ቢሆንስ የጠፋው?"

"እሱን ነገ። ዛሬ ማታውን። ንጋትን አይለፉ።"

ለቀጣዩ ነገረች። ቀጣዩም ከኋላው ላለው ነገረ። ቢያድግልኝ ክንዷን ሳብ ያደርጋታል፣ እሷ ትነግራለች፤ ፀሐይ ወደ አናት እየወጣች ነው። ወሬው ከእሷ ቀድሞ እስከ ግንቡ ደረሰ። መሄድ ትችል ነበር። ግን የሽማግሌው ቅርጫት ከሰዓት ቤት ሲወጣ አየችና እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ሲወጣ የኖረው ቅርጫት አሁን ባዶ አልነበረም።

ሰዉ ሰልፉን ትቶ ወደ ዳኛው መቀመጫ ተጠጋ። ማንም አልጮኸም። ሁሉም የአፈ ብራናን አፍ ብቻ ነው የሚያየው። ዳኛው የመጀመሪያውን ፈታና አነበበ፣ ሁለተኛውን አነበበ። ሦስተኛውን ሲፈታ እጁ ወደ አፉ ከፍ አለ፣ ያንን ሁሉ ዓይን አየ፣ እጁን መለሰ።

"መኩሪያው ጉልላት" አለ። "ወጣ። ከስድስት ወታደሮች ጋር።"

አያ ጉልላት ጠበቀ። ቅርጫቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። "ገባ የሚል የለም?"

"ወታደሮቹ ገብተዋል" አለ አፈ ብራና ወደ መሬት እያየ። "ስድስቱም በዚያው ሌሊት ገብተዋል።"

ሽማግሌው "ዘጠኝ ዓመት በሬን ሳልዘጋ ነው የተኛሁት" አለ። "ይመጣል ብዬ። ጎረቤቶቼ ሊያለቅሱልኝ ቢመጡ ላልሆነ ነገር አይለቀስም ብላችሁ በዱላ በተናችኋቸው። እናቱ ሳታለቅስለት ሞተች። አሁን መርዶዬን ሰማሁ።" ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለ፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ "ወየው ልጄ! ወየው መኩሪያው!" ብሎ ጮኸ።

ከሰልፉ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ዝቅ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። ሌላዋም ተቀመጠች። ሰልፉ በሙሉ መሬት ላይ ወረደ፤ ለመኩሪያው የሚያለቅስ ለመኩሪያው ብቻ አልነበረም የሚያለቅሰው። አለቃ ምንይችል በሰዓት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጆሮውን ሊደፍን እጁን አነሣ፤ እጁ ግን አየር ላይ ቀረ።

"ትብለጥ" አለ ቢያድግልኝ። "ከበሮው ሊመታ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እንሂድ እንጂ!"

ትብለጥ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች። "ቁጭ በል" አለችው። "ለቅሶ ሳንደርስ የት እንሄዳለን?"

ቢያድግልኝ ወደ በሩ አየ። በሩ ክፍት ነበር። የወታደሮቹ አለቃ ሰይፉን ታጥቆ ከደረጃው ሲወርድም አየ። ከዚያ የታመመ እግሩን በእጁ ደግፎ ከሚስቱ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ከበሮው ስድስት ጊዜ ተመታ፤ ከተቀመጠው ሰው አንድም አልተነሣም።